ረዳት ግሱ ያለቦታው ሲገባ፦ የኢንቨርሽን ችግርና መፍትሄ

«ዌር ኢዝ ሂ ጎይንግ?» ብሎ መጠየቅ ገና የሚያስቸግረው ሰው ይህን ለጊዜው ይለፈው። በእንግሊዝኛ ጥያቄ ላይ ረዳት ግሱ ከባለቤቱ ፊት እንደሚወጣ (ኢንቨርሽን፣ በእኛው ግልበጣ የምለው ይህ ነው)፣ ረዳት ግስ ከሌለም «ዱ»፣ «ዳዝ» ወይም «ዲድ» እንደሚገባ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። የኔ ጉዳይ ከዚያ ደረጃ ያለፈው ተማሪ ነው። ቃላት ሞልቷል፣ አነጋገሩ ፈጣን ነው፣ ግን አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይደናቀፋል።

ምልክት፦ «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ሂ»

የዕለት እንጀራዬ ይሄ ነው። ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው) የሚዘጋጅ ተማሪ፣ የማስተርስ ማመልከቻ የሚጽፍ መሐንዲስ፣ ከውጭ ድርጅት ጋር በኢሜይል የምትጻጻፍ ጸሐፊ፣ ሁሉም ጋ አለ። በጣም የማየው በኢሜይል ላይ ነው፦ «ፕሊዝ ሌት ሚ ኖው ዌን ዊል ዘ ሪዘልት ከም አውት»። መሆን ያለበት «ዌን ዘ ሪዘልት ዊል ከም አውት» ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የፊደል አራሚ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። እያንዳንዱ ቃል በራሱ ትክክል ነዋ!

መንስኤው ክፍል ውስጥ የተሸመደደ ግማሽ ሕግ ነው። «ከጥያቄ ቃል በኋላ ረዳት ግስ ይመጣል» ተብሎ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ ደብተር ላይ ይገለበጣል፣ አለቀ። ቴሌግራም ላይ የሚዞሩት የሰዋስው ፒዲኤፎችም ይህንኑ ይደግማሉ። ማን እንደጻፋቸው አይታወቅም፣ ያረማቸውም የለም። ረዳት ግሱን ወደ ፊት የሚያወጣው ግን የጥያቄ ቃሉ አይደለም። መጠየቁ ነው። «አይ ዶንት ኖው» ብላችሁ ከጀመራችሁ እየጠየቃችሁ ሳይሆን እየተናገራችሁ ነው። ስለዚህ ከ«ዌር» በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ተራ ዐረፍተ ነገር ቅደም ተከተል ይመለሳል፦ መጀመሪያ ባለቤቱ፣ ከዚያ ግሱ።

የሚያናድደኝ፣ አማርኛችን ይህንኑ ልዩነት በደንብ የሚያውቅ መሆኑ ነው። «የት ነው?» እንላለን። «አላውቅም» ሲጨመርበት ግን «የት እንደሆነ አላውቅም» ይሆናል። «ለምን ቀረች?» ደግሞ «ለምን እንደቀረች ንገረኝ» ይሆናል። አማርኛ ግሱ ላይ «እንደ» ይለጥፋል፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ግልበጣውን ያነሳል።

መፍትሄውም ከዚሁ ይወጣል። ልትጽፉ ያሰባችሁትን በሆዳችሁ በአማርኛ በሉት። ግሱ «እንደ» ከያዘ እንግሊዝኛው አይገለበጥም። «ምን ሰዓት እንደሚጀምር ታውቃለህ?» ስትሉ «እንደሚጀምር» አለበት፤ ስለዚህ «ዱ ዩ ኖው ዋት ታይም ኢት ስታርትስ?» ነው። «ዋት ታይም ዳዝ ኢት ስታርት» አይደለም። የአዎ ወይም አይደለም ጥያቄ ላይም ይሠራል። «በልቼ እንደሆነ ጠየቀኝ» ስንል «ሂ አስክድ ሚ ኢፍ አይ ሃድ ኢትን» ይሆናል። እዚህ «ኢፍ» ወይም «ዌዘር» የግድ ነው። «ሂ አስክድ ሚ ዲድ አይ ኢት» የሚለውን በየሳምንቱ አያለሁ።

ተጠንቀቁ፦ «ዳዝ» እና «ዲድ» ሲወጡ ይዘውት የነበረውን ለግሱ ይመልሳሉ። «ዋት ዳዝ ኢት ሚን?» የነበረው «አይ ዶንት ኖው ዋት ኢት ሚንስ» ይሆናል፣ ከነ«ስ»ው። ብዙ ሰው «ዳዝ»ን በትክክል ያወጣና «ስ»ን መመለስ ይረሳል። «ዋይ ዲድ ሺ ሊቭ?» ደግሞ «ዋይ ሺ ሌፍት» ይሆናል። ግማሽ ጥገና ካልጠገኑት አይሻልም።

አሁንም ተጠንቀቁ፦ ትሕትና የሚያጠምደው ሰው ብዙ ነው። አንድ ትልቅ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራ ተማሪ ነበረችኝ። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል። ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሜይ አይ ኖው ዋት ታይም ዊል ዩ ቼክ አውት?» ትላለች። ቀጥታ ብትጠይቅ «ዋት ታይም ዊል ዩ ቼክ አውት?» ፍጹም ትክክል ነበር። ለአክብሮት ብላ «ሜይ አይ ኖው» ስትጨምርበት ነው የተበላሸው። ግልበጣው እኮ «ሜይ አይ» ላይ ሥራውን ጨርሷል፤ ሁለተኛ መገልበጥ አያስፈልግም። ትክክሉ «ሜይ አይ ኖው ዋት ታይም ዩ ዊል ቼክ አውት?» ነው። ይህን ስነግራት «ግን እኮ ሁሉም ይገባቸዋል» አለችኝ። ልክ ናት፣ ይገባቸዋል። እንግዳው ፈገግ ብሎ ይመልሳል፣ ማንም አያርማትም፣ ስህተቱም ከተናጋሪው ጋር አብሮ ያረጃል። ለዚህ ነው ጀማሪው ላይ ሳይሆን ጎበዙ ላይ የማገኘው።

የዚህ ዘመድ የሆነች አንዲት አስቸጋሪ አለች፦ «ዱ ዩ ቲንክ» መሐል ስትገባ። «ዌር ዱ ዩ ቲንክ ኢዝ ሂ?» አይባልም። «ዌር ዱ ዩ ቲንክ ሂ ኢዝ?» ነው። «የት እንዳለ ነው የምታስበው?» በሉትና «እንደ»ዋ ብቅ ትላለች።

ይህን ሁሉ ከተረዱ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጽንፍ የሚሄዱ አሉ። ግልበጣ ፈርተው ቀጥታ ጥያቄውንም «ዌር ዩ አር ጎይንግ?» ማለት ይጀምራሉ። አማርኛው «የት ትሄዳለህ?» ነው፣ «እንደ» የለበትም፣ ስለዚህ ገልብጡት። ዘመዴ አየርላንድ ነው፣ እዚያ «ሂ አስክድ ሚ ወዝ አይ ሀንግሪ» ሲሉ ሰምቷል የምትሉኝም አላችሁ። አዎ፣ እዚያ በንግግር ይባላል። ፈተና ላይ አትሞክሩት።

ምልክት፦ «ኖት ኦንሊ ሂ ኬም ሌት…»

ይሄ የድርሰት ችግር ነው። ከፍ ያለ ነጥብ የፈለገ ሁሉ «ኔቨር»፣ «ኖት ኦንሊ»፣ «ሃርድሊ» እያለ ዐረፍተ ነገር ይጀምራል። አሉታዊ ቃል ወደ ፊት ሲመጣ ረዳት ግሱን ይስባል፦ «ኖት ኦንሊ ዲድ ሂ ከም ሌት»፣ «ኔቨር ሃቭ አይ ሲን»። «ዲድ ሂ ኬም» የሚል ካያችሁ ያለፈ ጊዜ ሁለቴ ተከፍሏል። አንዱ ይበቃል፣ «ዲድ» ይዞታል።

የባሰው የሚገለበጠውን ቦታ መሳት ነው። «ኦንሊ ዌን ዲድ አይ ጌት ሆም አይ ሪያላይዝድ» የሚል ድርሰት አርሜያለሁ፤ ጸሐፊው ሕጉን በቃሉ ይዞታል፣ ግን የተሳሳተውን ወገን ገለበጠ። ከ«ዌን» ጋር ያለው ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ነውና አይነካም። ዋናው ነው የሚገለበጠው፦ «ኦንሊ ዌን አይ ጎት ሆም ዲድ አይ ሪያላይዝ»። «ኖት አንቲል»ም እንዲሁ ነው።

«ኖ» ያየ ሁሉ ደግሞ አይገልብጥ። «ኢን ኖ ታይም ዊ ወር ዜር» ማለት በአንድ አፍታ ደረስን ነው። «አት ኖ ታይም ወር ዊ ዜር» ደግሞ በጭራሽ እዚያ አልነበርንም። በ«ኖ»፣ በ«ኖት» ወይም በ«ኔቨር» የሚጀምር ሲያጋጥማችሁ ቃሉ የባለቤቱ አካል እስካልሆነ ድረስ፣ የአማርኛው ግስ «አል…ም»፣ «አይ…ም» ወይም «አይደለም» ይዞ ከመጣ ገልብጡ፣ ካልመጣ ተዉት። «ኖት ሎንግ አጎ»ም በዚሁ ይፈታል፦ በቅርቡ ማለት ነው፣ አፍራሽነት የለውም። «ኦንሊ ሳራ ኖውስ» ላይ ደግሞ «ኦንሊ» የባለቤቱ ነው፤ «ኦንሊ ሳራ ዳዝ ኖው» አትበሉ።

«ኖ ሱነር» ከ«ዛን» ጋር፣ «ሃርድሊ» ከ«ዌን» ጋር ነው። አታቀያይሩ። እባካችሁ ደግሞ አንድ ድርሰት ውስጥ አንዴ ይበቃል። በየአንቀጹ «ኔቨር ሃቭ አይ» የሚል ጽሑፍ ያለማጋነን ያደክማል።

ምልክት፦ «ኢፍ ሃድ አይ ኖውን»

ወይ «ኢፍ» ወይ ግልበጣ፤ ሁለቱ አብረው አይገቡም። «ኢፍ አይ ሃድ ኖውን» ወይም «ሃድ አይ ኖውን»። በዛሬው እንግሊዝኛ በዚህ መልኩ የሚገለበጡት በተለምዶ «ሃድ»፣ «ሹድ» እና «ወር» ናቸው። አሉታዊ ሲሆን «ኖት» ለብቻው ከባለቤቱ በኋላ ይቆማል፦ «ሃድ አይ ኖት ኖውን»። «ሃድንት አይ ኖውን» አይባልም። የሥራ ማመልከቻ መጨረሻ ላይ «ሹድ ዩ ኒድ» ያማረ ነው። «ኢፍ ሹድ ዩ ኒድ» ካላችሁ ግን ያሰባችሁት ማማር ቀረ።

ሌሎች፣ በአጭሩ

«ሁ ዲድ ብሬክ ዘ ዊንዶው?»፦ የጥያቄ ቃሉ ራሱ ባለቤት ከሆነ «ዲድ» አያስፈልግም። «ሁ ብሮክ»፣ «ዋት ሃፕንድ» በሉ። «ዲድ» የሚገባው አጥብቃችሁ ስትናገሩ ወይም ጥያቄው አሉታዊ ሲሆን ነው።

«ሶ አይ ዱ»፦ «እኔም» ለማለት ከሆነ «ሶ ዱ አይ» ነው። ያልተገለበጠው «አዎ፣ እውነትህን ነው» ለማለት ነው። ለአሉታዊው «ናይዘር ዱ አይ»።

«ሂር ዘ ባስ ከምስ»፦ «ሂር ከምስ ዘ ባስ» ይባላል። እዚህ ዋናው ግስ ራሱ ነው የሚቀድመው፣ «ዳዝ» አይጠራም። ባለቤቱ ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ቦታውን አይለቅም፦ «ሂር ኢት ከምስ»።