የጡብ ፋየርፕሌስና ቺምኒ ማፍረስ፦ ችግሩ፣ መነሻው፣ መፍትሄው

በዲሲና በሜሪላንድ ዙሪያ የቆየ የጡብ ቤት የገዙ ወገኖች «ይህን ፋየርፕሌስ ላስፈርሰው?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁኛል። ሳሎኑን ይይዝባቸዋል፤ እንግዳ ሲበዛ ሶፋ የሚጠጋበት ግድግዳ ይጠፋል፤ እሳት ደግሞ ነድዶበት አያውቅም። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ሳሎኑን ከማየቴ በፊት ቤዝመንት (ምድር ቤት) እወርዳለሁ። ሳሎን ውስጥ የምታዩት ምድጃ፣ ማለትም ፋየርፕሌሱ፣ ቺምኒ የሚባለው የአንድ ትልቅ የጭስ መውጫ ግንብ ቁራጭ ነው። ግንቡ ከመሠረት ተነስቶ፣ ወለሎቹን አልፎ፣ ከጣሪያ በላይ ይወጣል። በሥራዬ ያየኋቸው አብዛኞቹ ጉዳቶች የደረሱት ቁራጩን ብቻ አይቶ መዶሻ ያነሳ ሰው ቤት ነው።

ከቺምኒው አጠገብ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ የውሃ ምልክት ወጥቷል

ብዙ ሰው ማፍረስ የሚያስበው በዚህ ነው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ጣሪያውና ጡቡ የሚገናኙበትን ላሜራ ጠርጥሩ። በማንኛውም ዝናብ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ የቺምኒው አናት ላይ ያለው የሲሚንቶ ክዳን ተሰንጥቆ ይሆናል። ከጣሪያው አናት መስመር ጋር ትይዩ የሆነው የቺምኒው ወርድ ከ30 ኢንች ከበለጠ፣ ከጀርባው ውሃውን ወደ ግራና ቀኝ የሚከፍል ትንሽ ጣሪያ መሰል ነገር ሊኖረው ይገባል፤ ከሌለው ውሃና ቅጠል እዚያው ይጠራቀማል። ላሜራውን በሬንጅ መለቅለቅ አንድ ክረምት ቢያሻግር ነው። ትክክለኛው ጥገና ሞርታሩን (ጡቦቹን የሚያያይዘውን ሲሚንቶ) ቆርጦ አዲስ ላሜራ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው።

ቺምኒው ለምንም የማያገለግል ከሆነ ከጣሪያ በላይ ያለውን ብቻ አፍርሶ ጣሪያውን መዝጋት ይቻላል። ማፍሰሱ ይቆማል፣ ሳሎኑ ሳይነካ ይቀራል፣ ወጪውም ሙሉ ከማፍረስ በጣም ያንሳል። ለብዙዎች የምመክረው ይህንኑ ነው።

ሐምሌ ላይ ኤሲ ሲከፈት ሳሎኑ እርጥብ ከሰል ከሰል ይላል

የመታጠቢያ ቤቱ ፋንና የልብስ ማድረቂያው አየር ወደ ውጭ ሲገፉ፣ ቤቱ የጎደለውን አየር በቺምኒው በኩል ይስባል፤ ውስጡ የተጣበቀው የድሮ ጥቀርሻ ሽታም አብሮ ይወርዳል። ማስጠረግና አናቱ ላይ ጥብቅ ክዳን ማስገጠም ይበቃል። ለዚህ ብቻ ብሎ ግንብ ማፍረስ አያስፈልግም።

እሳት ነድዶበት የማያውቀው ቺምኒ ይሞቃል፣ ወይም ጡቡ ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል

እዚህ ላይ ቆም በሉ። አንዱ ግንብ ውስጥ ሁለት ሦስት መተንፈሻ (ጭስ የሚወጣበት ቀዳዳ) ሊኖር ይችላል፦ አንዱ የሳሎኑ ምድጃ፣ ሌላው በቤዝመንት ያለው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ወይም ፈርነስ (ቤቱን የሚያሞቀው ማሽን)። ቤዝመንት ወርዳችሁ ከውሃ ማሞቂያው ራስ ተነስቶ ወደ ጡቡ የሚገባ የቆርቆሮ ቧንቧ ካለ፣ ቺምኒው በሥራ ላይ ነው። ያንን ማፍረስ ወይም መድፈን የተቃጠለውን ጋዝ ቤት ውስጥ ማስቀረት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛን ሰው እንደተኛ ይወስዳል።

ነጩ ዱቄት ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። የቀድሞው ባለቤት ዘመናዊ ፈርነስ አስገብቶ ጭሱን በነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ በግድግዳ በኩል አውጥቶታል። ውሃ ማሞቂያው ለሁለት በተሠራው ሰፊ መተንፈሻ ውስጥ ብቻውን ቀርቷል። ትንሿ ሙቀት ግንቡን ማሞቅ ስለማትችል እንፋሎቱ መንገድ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል፤ ያ አሲድ ያለበት ውሃ ሞርታሩን ይበላዋል። አቲክ (ከኮርኒሱ በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ያለው ቦታ) ውስጥ ገብታችሁ ሞርታሩን በጣታችሁ ስትነኩት እንደ አሸዋ ከረገፈ ይኸው ነው።

አንድ ቤት ውስጥ የውሃ ማሞቂያውን አናት በባትሪ ሳይ፣ የሙቅና የቀዝቃዛ ውሃ ቧንቧዎች የሚገቡበት ቀይና ሰማያዊ የፕላስቲክ ቀለበት ቀልጦ ተጣሞ ነበር። ትኩስ ጭስ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ቤት ሲመለስ ኖሯል። ሁለት ልጆች የሚተኙት ከዚያ ክፍል በላይ ነበር። እናንተም ፈትሹ፦ ማሞቂያው ለጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ክብሪት ለኩሳችሁ እፍ በሉና ጭሱን ከአናቱ ክፍት ቆብ አስጠጉ። ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው፤ ወደ ፊታችሁ ከተመለሰ ማሞቂያውን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ክብሪት አትንኩ፤ ውጡና ከውጭ ሆናችሁ ደውሉ።

መፍትሄው ቅደም ተከተል ነው። ቺምኒው ከመነካቱ በፊት ፈቃድ ያለው ባለሙያ ማሞቂያውን በፋን በግድግዳ እንዲተነፍስ ያድርገው፣ ወይም በኤሌክትሪክ ይለወጥ፣ ወይም የራሱ የብረት ቧንቧ ይውጣለት። ቺምኒውን የምታስቀሩት ከሆነ ደግሞ ለማሞቂያው መጠን የሚሆን የብረት ቧንቧ በውስጡ ይገባለታል።

ምድጃው ከፈረሰ በኋላ ፎቅ ላይ ስንጥቅ ታየ፣ በር አልዘጋም አለ

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሠራተኛው ሳሎን ያለውን አፍርሶ ከላይ ያለውን ትቶታል። ሂሳቡን ተመልከቱ፦ የጡብ ግንብ በኪዩቢክ ጫማ ወደ 120 ፓውንድ ይመዝናል። 2 በ4 ጫማ የሆነ፣ 10 ጫማ ከፍታ ያለው ቀሪ ግንብ ግማሹ ባዶ ቢሆን እንኳ 4,800 ፓውንድ ነው፤ ከአንድ ካምሪ መኪና ይከብዳል፣ የተሸከመውም ለዚያ ያልተሠራ እንጨት ነው።

ከሥሩ ያለውን ክፍል ባዶ አድርጉ፣ ማንም አይተኛበት፤ የስትራክቸር ኢንጂነር እስኪመጣ በብረት ድጋፍ ይያዝ። ገና ያልጀመራችሁ ከሆነ ሕጉ አንድ ነው፦ ከአናት ወደ ታች፣ ጡብ በጡብ። ጡቡን በባልዲ አውርዱ እንጂ በመተንፈሻው ውስጥ ወደ ታች አትጣሉ። የላይኛውን ማስቀረት ካስፈለገም ኢንጂነሩ ያሰላው ብረት ቀድሞ ይግባ፤ ፐርሚቱም (የግንባታ ፈቃዱ) በዚያ ስዕል ይወሰድ።

ከቺምኒው ውስጥ ፍርፍር የሚል ድምፅ ይሰማል

ከፀደይ እስከ በጋው መጨረሻ ከሆነ ቺምኒ ስዊፍት የምትባለው ትንሽ ወፍ ጎጆ ሠርታ ይሆናል። በ1918 በወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ የተጠበቀች ናት፤ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ አይነካም። በርረው እስኪሄዱ ጠብቁ።

ቤታችሁ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ከሆነ ደግሞ የእነሱም መተንፈሻ በዚያው ግንብ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። በራቸውን አንኳኩና አብራችሁ ቤዝመንታቸውን እዩ።

ሁሉም አልቆ ግድግዳው ላይ ቡናማ እድፍ እየተመለሰ ይወጣል

የተረፈው ጡብ ለዓመታት የጠጣው ጨው እርጥበት ይስባል። ቀለም ደጋግሞ መቀባት ገንዘብ መጨረስ ነው። ልስኑን አንሱ፣ ከጡቡ ራቅ ያለ የእንጨት ፍሬም አቁሙና ድራይዎል (የግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ) በዚያ ላይ ይመታ፤ ውስጥ የቀረው መተንፈሻም ከላይና ከታች ትንሽ አየር ይግባው።

ወለሉን አትርሱ። ምድጃው የነበረበት ቦታ ጣውላ የለውም፣ ዙሪያውም ከጡቡ ወደ 2 ኢንች ክፍተት ተትቶለት የተሠራ ነው። በየወለሉ የቀረው ቀዳዳ በእኩል መጠን እንጨት ካልተሞላና ካልተደፈነ ብርድ ይገባበታል፤ እሳት ቢነሳም ከቤዝመንት እስከ አቲክ የሚወጣበት መንገድ ይሆናል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ቀለሙ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ስለሚችል ማፍረሱ ሳይጀመር ይመርመር፤ በሩን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ልጆቹን ዘመድ ቤት አሳድሩ። ድራይዎሉ ከመዘጋቱ በፊት ኢንስፔክተሩ እንጨቱንና ብረቱን ማየት አለበት፤ እናንተም በየፎቁ ፎቶ አንሱና ከፐርሚቱ ጋር አስቀምጡት፣ ቤቱን ስትሸጡ ገዢው ይጠይቃችኋል።