ሲዲና ዲቪዲ ለራሳችሁ ኮፒ ስታደርጉ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃንም ሂዱ መሐል ሜዳ፣ የሠርግ ዲቪዲ ወይም የድሮ መዝሙር ሲዲ የሌለበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ ብዙዎቹ ዲስክ ማስገቢያ የላቸውም። ስለዚህ ሰው ያለውን ሁሉ ወደ ፍላሽ እያዞረ ነው። ጥሩ ነው፣ አዙሩ። ችግሩ ግማሹ ሰው የተፈቀደለትን ሲፈራ፣ ሌላው ያልተፈቀደለትን በድፍረት ማድረጉ ነው።

"ኮፒ ማድረግ በሙሉ ወንጀል ነው" ማለት።
አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 9ን አንብቡት። አንድ ግለሰብ ለሕዝብ የቀረበን ሥራ ለግል ጥቅሙ ብቻ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ የመብቱ ባለቤት ሊከለክለው አይችልም። ዲስኩ ከመበላሸቱ በፊት መዝሙሩን ስልካችሁ ላይ ብታስቀምጡ ሌባ አይደላችሁም። ግን ፈቃዱ ጠባብ ነው፤ ለግለሰብ፣ አንድ ቅጂ፣ ለራስ። ጌምና የኮምፒውተር ፕሮግራም በዚህ ውስጥ አይገቡም፣ የራሳቸው ድንጋጌ አላቸው።

"ገንዘቤን ከፍዬ ገዝቼዋለሁ፣ እንደፈለግኩ አደርገዋለሁ" ማለት።
የገዛችሁት ዲስኩን ነው። ዘፈኑ አሁንም የባለቤቱ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ ለራሱ ኮፒ ያደርግና ኦሪጅናሉን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ጎረቤትም ገልብጦ ለአማቱ ይልከዋል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሲዲ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል። ገበያ ቀን ላይ ደግሞ ብር እየተቀበሉ ፍላሽና ሚሞሪ የሚሞሉ ሱቆችን ታያላችሁ። ያ የግል ቅጂ አይደለም፣ ንግድ ነው። ሆን ብሎ መብት መጣስ ደግሞ በእስራት ያስቀጣል።

በጣም የሚያሳዝነኝ "መንፈሳዊ ነው፣ ለነፍስ ነው" ተብሎ መዝሙር ሲባዛ ነው። ዘማሪውም ስቱዲዮ ከፍሏል፣ ለሙዚቃ አቀናባሪው ከፍሏል፣ ቤት ኪራይም አለበት። ሕጉ በመዝሙርና በዘፈን መካከል ልዩነት አያደርግም። ለሰንበት ትምህርት ቤት ማባዛት ከፈለጋችሁ ዘማሪውን ጠይቁት፤ ደውሎ መጠየቅ ምንም አያከብድም።

የዩቲዩብ ምክርን እንደ አገራችን ሕግ መውሰድ።
ተናጋሪው አሜሪካዊ ከሆነ የሚያወራው ስለ አሜሪካ ነው። እዚያ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፣ ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በስተቀር፣ የዲቪዲውን የዲጂታል ቁልፍ (ኮፒ እንዳይደረግ የተደረገለትን መከላከያ) መስበርን ራሱን ይከለክላል፤ ዲስኩ በገንዘባችሁ የተገዛ ቢሆንም። ጀርመን ደግሞ የግል ቅጂ ትፈቅዳለች፣ ቁልፍ መስበርን ግን አትፈቅድም። እንግሊዝ የግል ቅጂን በ2014 እ.ኤ.አ. ፈቀደች፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ሻረው። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ ዘመዳችሁን "ኮፒ አድርገህ ላክልን" ከማለታችሁ በፊት እሱ ያለበትን አገር ሕግ አስቡ።

ዲስኩ እምቢ ሲል ሁሌ "ተቆልፏል" ማለት።
ከአሜሪካ የመጣ ዲቪዲ እዚህ አልከፍት ካለ ምክንያቱ የክልል ኮድ፣ ማለትም ለዲቪዲ ሲባል ዓለም የተከፋፈለበት ቁጥር፣ ሊሆን ይችላል። እነሱ ክልል 1 ናቸው፣ እኛ ክልል 5 ነን። ይሄ ማጫወቻው ላይ የሚሠራ ገደብ ነው፣ ከኮፒ መከላከያው የተለየ ነገር ነው። መደበኛ የሙዚቃ ሲዲ ደግሞ ከነጭራሹ ቁልፍ የለውም። እምቢ ካለ መጀመሪያ ጭረቱንና ቆሻሻውን እዩ፤ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጥረጉት፣ ዙሪያውን አታሽከርክሩ።

ዲስኩ "ጫን" ያለውን ሁሉ መጫን።
በ2005 እ.ኤ.አ. የሙዚቃ ኩባንያው ሶኒ ቢኤምጂ ያወጣቸው አንዳንድ ሲዲዎች ኮፒ ለመከልከል ብለው ኮምፒውተር ላይ ድብቅ ፕሮግራም ይጭኑ ነበር። ፕሮግራሙም ለቫይረስ በር ከፈተ፤ ኩባንያው ዲስኮቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ። ዘፈን ለመስማት ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም።

ቅደም ተከተሉን መሳት።
ፋብሪካ የታተመ ሲዲ ብዙ ዓመት ይቆያል። የሠርግ ዲቪዲ ግን ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ቤት በኮምፒውተር የተቀዳ ነው፤ መረጃው የተያዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ ሙቀትና ፀሐይ ያበላሸዋል። በተለይ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያላችሁ፣ መስኮት ሥር አታስቀምጡት። ቪዲዮ የቀረጸውን ሰው ዋናው ፋይል አሁንም እጁ ላይ እንዳለ ጠይቁት፤ ከሌለው ከዘፈን ሲዲዎቻችሁ ሁሉ በፊት የሠርጉን ዲቪዲ አዙሩ።