በተፋቀ የምኒልክ ብር ላይ ዓመተ ምሕረቱን እንዴት አነበብኩት

ብሩ (ሳንቲሙ) የዳግማዊ ምኒልክ መሆኑ ግልጽ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ግን ተፍቋል። የሚነበበው ፲፰፻ (1800) ብቻ ሲሆን ቀሪዎቹ ሁለት አኃዞች ልሙጥ ሆነዋል።

መጀመሪያ አጉሊ መነጽር ሞከርኩ። የጣሪያው መብራት ከላይ ሲመታው ነጸብራቁ ጭራሽ ሸፈነው። ስካነርም ጥላ ስለማይፈጥር አልረዳም። ወረቀት አልብሼ በእርሳስ ስፈገፍገው ሁሉም አንድ ላይ ጠቆረ። በሎሚና በቤኪንግ ሶዳ እሹት የሚሉ አሉ። በፍጹም! የቀረችውንም ምልክት ይዞባችሁ ይሄዳል፣ ዋጋውንም ይገድለዋል።

የሠራልኝ ይሄ ነው። ክፍሉን አጨለምኩ። ስልኬን እንዳይነቃነቅ አድርጌ ከብሩ በላይ አስደገፍኩ። የሌላ ስልክ መብራት ደግሞ ከጎን፣ ጠረጴዛውን ሊነካ ትንሽ እስኪቀረው ዝቅ አድርጌ አበራሁ። መብራቱን በብሩ ዙሪያ ቀስ እያልኩ እያዞርኩ በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁ። ፎቶዎቹን ጥቁርና ነጭ አድርጌ ኮንትራስቱን ስጨምር መስመሮቹ ብቅ አሉ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የግዕዝ አኃዞች ከላይና ከታች ሰረዝ ስላላቸው ሲፋቁ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ሰረዙን ትታችሁ መሃሉን እዩ። ከ፲፰፻ ቀጥሎ ያለው አራተኛው አኃዝ ፹ (80) ከሆነ እንደ 1889 ያለ ዓመት ነው፤ ፺ (90) ከሆነ ደግሞ 1892 ወይም 1895ን አስቡ። የእኔው ፺ ሆነ፣ ቀጥሎ ፪ (2)።

ለማረጋገጥ ጀርባውን ገለበጥኩ። በ1889ኙና በ1892ቱ ብር ላይ አንበሳው የሚያነሳው የፊት እግር ይለያያል። የእኔው ከ1892ቱ ጋር ገጠመ።