የቴክሳስ ላቲኖዎች በየትኛው ካውንቲ እንደሚኖሩ በራሳችሁ አውጡት

ቴክሳስ 254 ካውንቲ፣ ማለትም እንደ ወረዳ ያለ የአስተዳደር ክፍል፣ አላት። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ ከ29 ሚሊዮን ሕዝቧ 11.4 ሚሊዮን ያህሉ ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ (ዘሩ ከላቲን አሜሪካ ወይም ከስፔን ባህል የሚመዘዝ) ነው፤ ከመቶው 39 ማለት ነው። ግን ይህን አንድ ቁጥር ይዛችሁ ስለየካውንቲው ብታወሩ ትሳሳታላችሁ። ስርጭቱ ከቦታ ቦታ በጣም ይለያያል።

መጀመሪያ የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የዳታ ገጽ ላይ ግቡና የ2020ን ፒ2 (P2) የሚባለውን ሰንጠረዥ ፈልጉ። ቦታ ምረጡ ሲላችሁ ካውንቲ፣ ከዚያ ቴክሳስ፣ ከዚያ ሁሉንም በሉት። አውርዳችሁ በኤክሴል ክፈቱት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይወናበዳል። ቅጹን የሞላ አበሻ ያስታውሰዋል፦ «ኢትዮጵያዊ» የሚለው ቃል ጥቁር ከሚለው ምርጫ ስር በምሳሌነት ተጽፏል፤ ሂስፓኒክ ነህ ወይ የሚለው ግን ከዘር ጥያቄው በፊት ለብቻው የመጣ ጥያቄ ነበር። ስለዚህ አንድ ሰው ላቲኖም ነጭም፣ ላቲኖም ጥቁርም ሊሆን ይችላል። ላቲኖውን ከሌሎቹ የዘር ቁጥሮች ጋር ዝም ብላችሁ ከደመራችሁ አንዱን ሰው ሁለቴ ትቆጥራላችሁ። ፒ2ን የመረጥኩላችሁ ለዚህ ነው፤ ላቲኖውን ለብቻው ያስቀምጥና የቀረውን በዘር ይከፍለዋል።

አሁን የላቲኖውን ቁጥር ለጠቅላላው ሕዝብ አካፍሉ። ፐርሰንቱን አዲስ ዓምድ ላይ አስቀምጡት፣ ብዛቱንም እንዳትተዉት። በሜክሲኮ ድንበር ያለችው ስታር ካውንቲ ከመቶ ሰው ከ95 በላይ ላቲኖ ነው፤ ጠቅላላ ሕዝቧ ግን 66 ሺህ አይሞላም። ሂውስተን ያለችበት ሃሪስ ካውንቲ ፐርሰንቷ 43 ገደማ ሲሆን በቁጥር ግን ከ2 ሚሊዮን በላይ ላቲኖ ይኖርባታል። የስፓኒሽ ትምህርት ቤት ወይም ክሊኒክ ለማቀድ የሚያስብ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ካየ ይሸወዳል።

ከዚያ «ለምን እዚህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። የሜክሲኮ ድንበር በሆነው በሪዮ ግራንዴ ወንዝ ዳር ያሉት ካውንቲዎች ምክንያታቸው ታሪክ ነው። እዚያ ያለችው የላሬዶ ከተማ የተቆረቆረችው በ1755፣ ማለትም አሜሪካ የምትባል አገር ሳትፈጠር ነው፤ እዚያ ያሉ ብዙ ቤተሰቦች ድንበሩ ራሱ አልፏቸው ሄደ እንጂ እነሱ ድንበር አላቋረጡም። ወደ ሰሜን ጫፍ ስትሄዱ ደግሞ ሙር ካውንቲን ታገኛላችሁ፤ ከድንበሩ እጅግ ሩቅ ሆና ከግማሽ በላይ ላቲኖ ነች። እዚያ ሰው የሳበው የከብት እርባታና የሥጋ ፋብሪካ ሥራ ነው።

አዲስ መረጃ ከፈለጋችሁ የዚያው ቢሮ የአምስት ዓመቱን የማኅበረሰብ ጥናት፣ ሰንጠረዥ ቢ03002ን (B03002) ተጠቀሙ። እሱ ግን ናሙና ስለሆነ ከቁጥሩ ጎን ያለውን የስህተት መጠን ሳታዩ አትለፉ። ሎቪንግ ካውንቲ በ2020 የተቆጠረባት 64 ሰው ብቻ ነው፤ እንዲህ ባለ ቦታ አንድ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ቢሄድ ፐርሰንቱ ይገለበጣል።

ካርታ ስትሠሩ ፐርሰንቱን በቀለም፣ ብዛቱን በክብ አሳዩ። ስታር ላይ ቀለሙ ይጠቁራል፣ ክቡ ግን ትንሽ ነው። ሃሪስ ላይ ቀለሙ ይሳሳል፣ ክቡ ግን አጎራባቾቹን ሁሉ ይሸፍናል።