ከጅማ ወደ ቦሌ፦ የአየር ርቀትንና የበረራ ጊዜን እንዴት ማስላት ይቻላል?

ጅማ ከአዲስ አበባ ምን ያህል እንደምትርቅ የተጠየቀ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠራው የመኪናውን መንገድ፣ ማለትም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ለበረራ አያገለግልም፤ አውራ ጎዳናው በሰኮሩ በኩል ወደ ጊቤ በረሃ ወርዶ፣ ወደ ወልቂጤ መልሶ ወጥቶ፣ ወሊሶንና ሰበታን አቋርጦ የሚገባ ሲሆን፣ የአየር ርቀት ግን የሚለካው በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ባለው እጅግ አጭር መስመር ነው።

ለስሌቱ የሚያስፈልገው የሁለቱ ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። በስልክ ካርታ ላይ ማኮብኮቢያውን በጣት ተጭኖ በመያዝ ይገኛል፤ የከተማውን ስም ብቻ ጽፎ መፈለግ መሀል ከተማውን ስለሚያሳይ አይመከርም። የጅማው አባ ጅፋር ማረፊያ በ7.67 ዲግሪ ሰሜንና በ36.82 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ቦሌ ደግሞ በ8.98 ዲግሪ ሰሜንና በ38.80 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ይገኛሉ። የኬክሮሱ ልዩነት 1.31 ዲግሪ በ111 ሲባዛ 145 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኬንትሮስ ዲግሪ ከምድር ወገብ በተራቀ ቁጥር እየጠበበ ቢሄድም እኛ ለወገቡ ቅርብ ስለሆንን የኬንትሮሱን ልዩነት 1.98ን በ110 ማባዛት በቂ ነው፤ ውጤቱም 218 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱን ቁጥሮች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዝቶ፣ ደምሮ፣ የድምሩን ስኩዌር ሩት ማውጣት 262 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ፓይለቶች የሚጠቀሙበትን የባሕር ማይል የሚፈልግ ለ1.852 ያካፍላል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ለአጭር ርቀት ነው፤ ለሩቅ አገር የምድርን ክብነት የሚያሰላ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ጊዜውን ለማወቅ ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ከፍተኛ ፍጥነት ማካፈል ግን ያሳስታል። በአገር ውስጥ በረራ በብዛት የሚታየው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ስለሚበር ስሌቱ 24 ደቂቃ ብቻ ይሰጣል። ሆኖም በእንዲህ ያለ አጭር መስመር አብዛኛው ጊዜ ከፍታ በመያዝና ዝቅ በማለት ያልፋል፤ ቦሌ ሲጨናነቅ ደግሞ ተራ መጠበቅ አለ። ስለዚህ ቢያንስ 20 ደቂቃ መጨመር ይገባል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ በመሬት ላይ መንከባለልንም ስለሚያካትት ወደ አንድ ሰዓት ቢጠጋ አያስገርምም።

ከቦሌ ወደ ውጭ የሚቀጥል መንገደኛ ሰዓቱን በጥንቃቄ ማንበብ አለበት። ትኬት የሚታተመው በእኩለ ሌሊት በሚጀምረው አቆጣጠር ስለሆነ 13፡30 ማለት በእኛ ከቀኑ 7፡30 ነው። መነሻውም መድረሻውም በየአገሩ ሰዓት ይጻፋል። ዱባይ ከእኛ በ1 ሰዓት ስለምትቀድም፣ ለምሳሌ በ11፡00 ከቦሌ ተነስቶ በ16፡00 እዚያ የሚደርስ በረራ የሚፈጀው 5 ሳይሆን 4 ሰዓት ነው፤ ሲመለሱ ደግሞ ያንኑ 1 ሰዓት መደመር ነው።