ከጨው ገንዳው ይጀምሩ፦ ለግጦሽ ከብት ማዕድን አሰጣጥና ዝንብ መከላከል

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ በአዳማ ዙሪያ ሣር ሞልቶ ከብት የማይፋፋበት ጊዜ አለ። ከወንጂ እስከ ዶኒ ሜዳው አረንጓዴ ነው። ላሟ ግን ቆማ መሬት ትረግጣለች፣ ጅራቷ አያርፍም፤ ፀሐይ ከረር ሲል መንጋው ሣሩን ትቶ ተፋፍጎ ይቆማል። ማታ ሲታለብ ወተቱ ጎድሎ ይገኛል። እንዲህ የሚሆነው አንድም ዝንብ ፋታ ስለነሣው፣ አንድም ሣሩ ሆዱን ሞልቶ ማዕድን ስላጎደለበት ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አብረው ይመጣሉ።

ሁለቱን ለየብቻ መታገል ያደክማል። ሜዳ ላይ የዋለን ከብት አሳዶ ይዞ መድኃኒት ማፍሰስ ለእረኛውም ለከብቱም ፈተና ነው። ጨው ወዳለበት ግን ከብቱ በራሱ እግር ይመጣል። ስለዚህ ማዕድን የሚልስበትን ቦታ ዝንቡም የሚመታበት ቦታ ያድርጉት።

መጀመሪያ ከብቱን ይመልከቱ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ሦስት ጠዋት ከበረት ሲወጡ ቆመው ይዩአቸው። አጥንት የምትቆረጥም፣ ግድግዳ የምትልስ፣ ፌስታልና ጨርቅ የምታላምጥ ላም ካለች ማዕድን ጎድሏታል፤ በተለይ ጨውና ፎስፈረስ። አንዲት በዶኒ በኩል የሚኖሩ እናት “ልጄ፣ ላሜ የልጆቹን ልብስ ከገመድ ላይ እየጎተተች ትበላለች፤ ምን ክፉ መንፈስ ያዛት?” ብለው ጠይቀውኝ ነበር። የያዛት የማዕድን ረሃብ ነበር፤ የማዕድን ድብልቅ ማግኘት ከጀመረች በኋላ ወር ሳይሞላ ልብሱን ተወችው። ነገሩን እንደ ቀላል አይዩት። ፌስታል ጨጓራ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀራል፤ ከጥንብ ላይ የተለቀመ አጥንት ደግሞ ሽባ አድርጎ የሚገድል መርዝ ሊይዝ ይችላል።

ጊደር ዕድሜዋ ደርሶ ኮርማ አለመፈለጓ፣ ላም ከወለደች በኋላ ሳትጠቃ ረጅም ጊዜ መቆየቷም ብዙ ጊዜ ከፎስፈረስ እጥረት ጋር ይያያዛል። ሣር ሲደርቅ ፎስፈረሱ በጣም ስለሚቀንስ ይህ የሚብሰው ከኅዳር በኋላ ነው። ጥቁር ፀጉር ወደ ዝገት መልክ ሲቀየር፣ ይልቁንም በዓይን ዙሪያ፣ መዳብ መጉደሉን ይጠርጥሩ። የስምጥ ሸለቆ ከብትና በግ መዳብ እንደሚያጥረው ከታወቀ ቆይቷል።

ዝንቡን ደግሞ በተቀመጠበት ቦታ ይለዩት። እግር ላይ፣ በተለይ የፊት እግር ላይ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ የሚቀመጠው የበረት ተናካሽ ዝንብ ነው፤ ከብቱ መሬት የሚረግጠው ከሱ የተነሣ ነው። ጀርባና ትከሻ ላይ በመንጋ ሰፍሮ፣ ሲሞቀው ወደ ሆድ የሚወርደው ትንሹ ዝንብ ቀን ከሌት ከብቱ ላይ የሚኖር ደም መጣጭ ነው። ዓይንና አፍንጫ የሚወርረው አይናከስም፤ የዓይን በሽታ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ያጋባል። በጠዋት በአንድ እግር ላይ 5 ተናካሽ ዝንብ ከቆጠሩ፣ ወይም በአንድ ከብት ጀርባና ጎን ላይ ወደ 200 ትንንሽ ዝንብ ካዩ፣ ጉዳቱ ከወጪው በልጧል ማለት ነው። ቁጥሩን ጻፉት፤ በኋላ ይፈለጋል።

ተናካሽ ዝንብ የሚያመጣው ጉዳት በወተት ብቻ አያበቃም። ገንዲ የሚባለውን የከብት በሽታ ዋና አጋቢው የቆላ ዝንብ ነው፤ እሱ በሌለበት አገር እንኳ ተናካሹ ዝንብ አንዱን የገንዲ ዓይነት በአፉ ይዞ ያጋባል፤ ቆዳን በእባጭ የሚሞላውንም በሽታ እንዲሁ። ለእባጩ ክትባት ስላለ በጊዜው ያስከትቡ።

ድብልቁን ማዘጋጀት

አሞሌ ጨው ወይም የአፍዴራ ጨው ብቻውን መስጠት ከምንም ይሻላል፤ ፎስፈረስ ግን አይሰጥም። ቦሌ አፈር የሚያስልሱም አሉ፤ ከብቱ ይወደዋል፣ ውስጡ ያለው ማዕድን ግን ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ እሱን ብቻ አልተማመንበትም።

ለ10 ኪሎ ድብልቅ 6 ኪሎ ጨው፣ 3 ኪሎ ለመኖ የሚሸጥ ዲካልሲየም ፎስፌት (ፎስፈረስና ካልሲየም የያዘ ዱቄት)፣ 1 ኪሎ ፉርሽካ ይያዙ። መዳብ፣ ዚንክ፣ አዮዲን፣ ኮባልትና ሴሌኒየም ያለበት የማዕድን ዱቄት ከመኖ ወይም ከእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ካገኙ ጥቅሉ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ። እነዚህን ለየብቻ ገዝተው በግምት አይቀላቅሉ፤ በጥቂቱ የሚያድነው ሲበዛ ይገድላል። መዳብ ያለበት የከብት ድብልቅ ለበግ በፍጹም አይሰጥም። በግ መዳብን በጉበቱ እያጠራቀመ ድንገት ይሞታል። በጎችዎ ከከብቱ ጋር የሚውሉ ከሆነ ገንዳውን እነሱ በማይደርሱበት ከፍታ ያስቀምጡ።

ዲካልሲየም ፎስፌት ከጠፋ አጥንት ይተካዋል፤ ግን ነጭ እስኪሆንና በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ድረስ ተቃጥሎ፣ ተወቅጦ፣ ተነፍቶ። ጥሬ አጥንት ፈጭቶ መስጠት አባሰንጋን በእጅ መጋበዝ ነው። ድንገት የሞተ ከብት አጥንት ደግሞ ቢቃጠልም አይነካ።

እዚህ ላይ የአዳማን ሰው በተለይ የማሳስበው ነገር አለ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወንጂ ሠራተኞች ጥርሳቸው ቡኒ የሆነው፣ አጥንታቸው የጎበጠው በዚሁ ውኃ ነው። ከብትም እንደ ሰው ይጎዳል፤ ጥርሱ ይቦረቦራል፣ ያነክሳል። ስለዚህ ያልተጣራ የፎስፌት ድንጋይ ዱቄት ቢረክስም አይግዙ፤ ራሱ ብዙ ፍሎራይድ አለበት። የእርሻ ማዳበሪያም መኖ አይሆንም። ጥርስ በማብቀል ላይ ላሉ ጥጆች ከተቻለ የወንዝ ወይም የዝናብ ውኃ ያጠጡ።

ሞላሰስ፣ ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈው ጥቁር ጣፋጭ ፈሳሽ፣ ለወንጂ ሰው ቅርብ ስለሆነ ድብልቁ ውስጥ ለመጨመር ያጓጓል። በበጋ ጥቂት ቢገባበት ከብቱን ያስለምዳል። በዝንብ ወራት ግን ይተውት፤ ጣፋጩ ዝንቡን ከየአቅጣጫው ይጠራል።

ገንዳውና ቦታው

ያረጀ የመኪና ጎማ ለሁለት ተሰንጥቆ ጥሩ ገንዳ ይወጣዋል፤ ጨው አያዝገውም፣ ቀንድ አይሰብረውም። ግማሽ የፕላስቲክ በርሜልም ይሆናል። ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል (በግ አብሮ የሚውል ከሆነ ግን እሱ እስከማይደርስበት) ከፍ ያድርጉትና ከላይ ቆርቆሮ ያልብሱት፤ ዝናብ የገባበት ጨው ይፈስሳል፣ የቀረውም ይጋገራል። ለ15 ከብት አንድ ገንዳ ይበቃል። ሆኖም አንዲት ኃይለኛ ላም ሌሎቹን የምታባርር ከሆነ ሁለት አድርገው አራርቀው ያኑሩ።

ገንዳው ከብቱ ጠጥቶ በሚመለስበት መንገድ ላይ ይሁን። ጨው የናፈቀው ከብት ውኃ ሳያገኝ ብዙ ከላሰ ይመረዛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ውኃ ከጠጡ በኋላ ለእያንዳንዱ አንድ እፍኝ ብቻ ይስጡ፤ ጉጉቱ ሲበርድ ገንዳውን ክፍት ይተዉት። ለአንድ ትልቅ ከብት በቀን 60 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለ10 ከብት በሳምንት 4 ኪሎ ከምናምን ነው። በየሳምንቱ የቀረውን ይመዝኑ። ከዚህ በላይ እየወሰዱ ከሆነ ጨውን ከፍ ያድርጉ፣ ጨው ራሱ ልጓም ይሆናቸዋል። እያነሱ ከሆነ ፉርሽካ ይጨምሩ።

በገንዳው ግራና ቀኝ አጥር አጥረው ከብቱ በአንድ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣበት ጠባብ መተላለፊያ ያበጁ። የዝንቡ ሥራ የሚቀለው በዚህ ነው።

መፈልፈያውን ማድረቅ

ሰው ሁሉ ወደ መርጫው ይሮጣል። እኔ ግን መጥረጊያው ይቀድማል እላለሁ። የበረት ተናካሽ ዝንብ የሚፈለፈለው ሽንትና እበት በነካው እርጥብ ጭድ ውስጥ ነው፤ ጥጃ የሚታሰርበት ጥግ፣ የግርግም ሥር፣ የገለባ ክምር የሚያርፍበት እርጥብ መሬት። ከእንቁላል እስከ በራሪ ዝንብ በሞቃት ወራት 3 ሳምንት ያህል ይወስድበታል፤ የቤት ዝንብ ደግሞ በ10 ቀን ያህል ይጨርሳል። በሳምንት አንድ ጊዜ እነዚያን ጥጎች ጠርጎ ማድረቅ ትውልዱን ሳይበር ይቆርጠዋል።

ጀርባ ላይ የሚሰፍረው ትንሹ ዝንብ እንቁላሉን የሚጥለው ሜዳ ላይ በወደቀ ትኩስ እበት ላይ ነው። እናቶቻችን ሳስ አድርገው ጠፍጥፈው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ኩበት እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ቶሎ ሲደርቅ ትሉ ውስጡ ያልቃል። የሚጎዳው ተሰብስቦ ሳይጠፈጠፍ ለሳምንት የሚቆይ ክምር ነው። ለማሳ የሚሆነውን ፍግ ደግሞ ከፍ አድርገው ከምረው በላስቲክ ይሸፍኑ፤ ውስጡ ሲግል ትሉን ይገድላል። የእበት ጢንዚዛንና ሳቢሳን አያባርሩ፤ አንዱ እበቱን ይበትናል፣ ሌላዋ ዝንቡን ትለቅማለች።

ለቤት ዝንብ የሁለት ሊትር ላስቲክ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠው ወደ ውስጥ ገልብጠው ይሰኩበትና ሞላሰስ በውኃ በጥብጠው፣ ጥቂት እርሾ ጨምረው ከበረቱ ራቅ አድርገው ይስቀሉ። የበረት ተናካሹ ዝንብ ግን ለዚህ ጣፋጭ አይታለልም። ለእሱ ሰማያዊ ጨርቅ በእንጨት ላይ ወጥረው ሙጫ የተቀባ ላስቲክ ያልብሱበት፤ ሰማያዊ ቀለም ይስበዋል።

መድኃኒቱ

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቁጥሩ ካልወረደ ወደ መድኃኒት ይሂዱ፤ የሚመርጥልዎ ግን የእንስሳት ሐኪም ይሁን። ለግጦሽ ከብት የሚመቸው ጀርባ ላይ የሚፈስሰው ነው። ከብቱ ጭንቅላቱን ገንዳው ውስጥ ቀብሮ ሲልስ፣ ከትከሻው ጀምሮ እስከ ጅራቱ ሥር በቀጭኑ ያፍስሱለት። ማሰርም ማሳደድም የለም።

መጠኑ በክብደት ነው፤ ሚዛን ባይኖርም ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሳንቲሜትር ይለኩና ቁጥሩን በራሱ ያባዙት። ያንን ከትከሻ እስከ መቀመጫ አጥንት ባለው ርዝመት አባዝተው ለ10,840 ያካፍሉ። ደረቱ 150፣ ርዝመቱ 125 የሆነ ከብት ወደ 260 ኪሎ ይሆናል።

እንደ ዲያዚኖን ያለ የሚረጭ ከሆነ በጥብጦ መርጨት ነው፤ ልኩ ጠርሙሱ ላይ ካለው አይለፍ። ጓንት ያድርጉ፣ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ ነፋሱን ከኋላዎ ያድርጉ። ገንዳውንም አስቀድመው ይክደኑ፤ መድኃኒት የነካው ጨው ሊላስ አይገባም። ለሰብል የተገዛ መድኃኒት ለከብት አይሆንም። ከርጭት በኋላ ከብቱ ለሐጩ ከተዝረከረከና ከተንቀጠቀጠ ተመርዟልና በሳሙናና በብዙ ውኃ አጥበው ሐኪም ይጥሩ። ወተቱ ስንት ቀን ለሰው እንደማይሰጥ ጠርሙሱ ላይ አለ፤ ልጆች የሚጠጡት ስለሆነ አንድ ቀን እንኳ አይቀንሱበት።

መርጫውን አዋሽ ወይም የመስኖ ቦይ ውስጥ አይጠቡ። ጀርባ ላይ ከሚፈስሱት ብዙዎቹ በጥቂቱ እንኳ ዓሣ ይፈጃሉ፤ ንብም እንዲሁ። ባዶውን ዕቃ በስተው ከጥቅም ውጪ ያድርጉት፤ ወተት ሊቀዳበት ቀርቶ ውኃ አይያዝበት። አንዱን ዓይነት መድኃኒት ዓመቱን ሙሉ ደጋግሞ መጠቀም ዝንቡን ስለሚያለምደው በሚቀጥለው ወቅት ከሌላ የመድኃኒት ወገን የሆነ እንዲሰጡዎ ሐኪሙን ይጠይቁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው በጠዋቱ ሰዓት፣ በነዚያው ከብቶች እግርና ጀርባ ላይ እንደገና ይቁጠሩና ከጻፉት ጋር ያስተያዩ። የእግሩ ዝንብ ካልቀነሰ መድኃኒት ከመድገምዎ በፊት ተመልሰው የጥጃውን ማሰሪያ ሥር በእንጨት ይጫሩ፤ እርጥብ ጭድ ውስጥ ነጫጭ ትል ካገኙ ምንጩ እዚያ ነው።