መልእክት ከብሮከር ወደ ብሮከር አልሻገር ሲል

በመልእክት አስተላላፊው ሶፍትዌር በአፓቺ አክቲቭኤምኪው ክላሲክ ሁለት ብሮከሮች (መልእክት ተቀብለው የሚያደርሱ አገልጋዮች) ተያይዘው፣ ላኪው ከመጀመሪያው፣ ተቀባዩ ደግሞ ከሁለተኛው ጋር ሲገናኙ፣ መልእክቱ በመጀመሪያው ብሮከር ወረፋ ላይ ተከማችቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ብዙዎች ወዲያውኑ ሁለቱንም አጥፍተው ያስነሳሉ፤ ይህ ግን ችግሩን ለጊዜው ቢሸፍነውም ምክንያቱን አያሳይምና አልመክረውም። በነባሪው አሠራር መልእክት የሚሻገረው በማዶ የሚጠብቀው ተቀባይ ሲኖር ብቻ ስለሆነ፣ ፍተሻው ከተቀባዩ ተነሥቶ ወደ ላኪው ቢሄድ ይሻላል።

በቅድሚያ የሁለተኛውን ብሮከር የአስተዳደር ገጽ በፖርት 8161 ከፍተው ወረፋው ተቀባይ እንዳለው፣ ስሙም በሁለቱም በኩል ፊደል በፊደል አንድ እንደሆነ ያረጋግጡ። ቀጥሎ በመጀመሪያው ብሮከር ላይ ያንኑ ወረፋ ይመልከቱ። ሁለቱን ብሮከሮች የሚያገናኘው ድልድይ ራሱ እንደ ተቀባይ ስለሚመዘገብ፣ እዚህ የሚታየው የተቀባዮች ቁጥር ከማንኛውም ምልክት ይበልጥ ይናገራል። ተቀባይ እያለ መልእክቱ ካልተንቀሳቀሰ፣ የማዶው ብሮከር የማህደረ ትውስታ (ሜሞሪ) ወይም የማከማቻ ገደቡ ሞልቶ እንደሆነ ይፈትሹ።

ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ግን የተቀባዩ ፍላጎት ወደዚህኛው ብሮከር አልደረሰም ማለት ነው። የብሮከሩ ሎግ (የክንውን መዝገብ) የኔትወርክ ግንኙነቱ መመሥረቱን ካልገለጸ፣ ፖርት 61616 በፋየርዎል አለመዘጋቱንና በኔትወርክ ኮኔክተሩ (ድልድዩን በሚፈጥረው የማዋቀሪያ ክፍል) ላይ የተጻፉት የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ትክክል መሆናቸውን ይዩ። ግንኙነቱ ተመሥርቶም ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ፣ ዋነኛው ተጠርጣሪ የአድቫይዘሪ መልእክት፣ ማለትም ብሮከሩ ስለ ራሱ ሁኔታ የሚልከው ማሳወቂያ፣ ነው፤ የተቀባዩ መኖር የሚታወቀው በእርሱ በኩል ስለሆነ፣ በማዋቀሪያ ፋይሉ ከተዘጋ ወይም የድልድዩ ተጠቃሚ የአድቫይዘሪ ቶፒኮችን (ማሳወቂያዎቹ የሚሰራጩባቸውን መስመሮች) የማንበብ ፈቃድ ከሌለው ድልድዩ ተመሥርቶም ሥራ ይፈታል።

አቅጣጫም መዘንጋት የለበትም፦ ኮኔክተሩ ዱፕሌክስ (ባለ ሁለት አቅጣጫ) ካልተባለ በስተቀር መልእክት የሚያስተላልፈው ከተጻፈበት ብሮከር ወደ ውጭ ብቻ ነው። ሦስት ብሮከሮች በሰንሰለት ሲያያዙ ደግሞ የኔትወርክ ቲቲኤል (መልእክት ሊሻገራቸው የሚችላቸው ድልድዮች ገደብ) ነባሪ ዋጋ 1 በመሆኑ መልእክቱ ከአንድ ድልድይ አያልፍም፤ ስለዚህ ዋጋውን ወደ 2 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

ለማግኘት የሚያስቸግረው፣ ሁሉም ነገር ጤናማ መስሎ ጥቂት መልእክቶች ብቻ የሚቀሩበት ሁኔታ ነው። መልእክቶቹ ወደ ሁለተኛው ብሮከር ከተሻገሩ በኋላ ተቀባዩ ግንኙነቱ ተቋርጦ በመጀመሪያው በኩል ይመለሳል እንበል። ብሮከሮቹ መልእክት በክብ እንዳይዞር ስለሚከላከሉ፣ ቀድሞ ያለፈበትን ብሮከር ዳግም አይጎበኝም፤ በመሆኑም ተቀባይ በሌለው ወረፋ ላይ እንደታገደ ይቀራል። መፍትሔው በወረፋው ፖሊሲ ውስጥ፣ በኔትወርክ ድልድዩ ማጣሪያ ላይ፣ «ሪፕሌይ ዌን ኖ ኮንሲውመርስ» የተባለውን ምርጫ ማብራት ነው። ከ5.9 በፊት ባሉት እትሞች የወረፋው የድግግሞሽ ቁጥጥር አብሮ መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ የተመለሰው መልእክት እንደ ድጋሚ ተቆጥሮ ሊጣል ይችላል።